ከሰም ዱቄቱ አሠራር ያስቀረሁት ደረጃ

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.፤ ከጧቱ ፫ ሰዓት

ከኪዳን መልስ ሰሙን ለሁለተኛ ጊዜ አቀለጥሁ። በነጠላ ቁራጭ አጠለልሁ። አተላው ጥቂት፤ መልኩ ንጹሕ። የጣራው ቆርቆሮ ከአሁኑ በሙቀት ይንጣጣል። ለደብሩ ጧፍ የሚሆነውን ለየሁ፤ የቀረው ለዱቄቱ።

መዝገቤ ሆይ፣ ስለ ዱቄቱ እስካሁን በወጉ አልነገርሁህም። በድሬ፣ በከዚራ ሠፈር መድኃኒት ቤት ያለው አርመናዊ፣ ሙሴ ጋራቤድ (ከእንግዲህ ሙ.ጋ. እለዋለሁ)፣ በእጅ የሚዞር የክኒን መጭመቂያ አለው። መድኃኒቱ በብረቱ ላይ እየተጣበቀ፣ ክኒኑ እየተሰነጠቀ አስመርሮት ኖሯል። እኔ ቤቴ ከምሠራው የሰም ዱቄት ጥቂት ሲቀላቅልበት ክኒኑ ለስልሶ ይወጣል። ትናንትም ሞከርነው። አንድም አልተጣበቀ።

ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት ወረቀት እንፈልጋለን። ሙ.ጋ. «ብሬቬ» ይለዋል። በአገራችን ለዚህ የወጣ ሕግ የለም፤ ሰው በጋዜጣ ማስታወቂያ ብቻ ያስነግራል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም አሠራሩን ጽፈን፣ ባሕር ማዶ ላለ የመብት ወኪል ልከናል። የሚያስቸኩለን አንድ የዓደን ነጋዴ ነው። በመጋቢት ሁለት ጣሳ ዱቄት ገዛ፤ ጥያቄውም በዛ። ወረቀቱን እርሱ ቀድሞ ካወጣ፣ ክኒን በሚጨመቅበት አገር ሁሉ የእኛ ዱቄት እንደ ሌባ ዕቃ ከወደብ ይመለሳል።

መልስ እንጠብቃለን።


ሐሙስ፣ ግንቦት ፬

ደብዳቤው ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ደረሰ። መልካም አይደለም።

ወኪሉ አሠራሩን ለአንድ ኬሚስት ሰጥቶ አስሞክሮታል። በጻፍነው መሠረት ሠራ፤ ሰሙ በወፍጮው ውስጥ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። ወኪሉ እንዲህ ይላል፦ መንግሥት መብቱን የሚሰጠው በልዋጭ ነው፤ ባለ ሥራው የሚያውቀውን ሁሉ ይጽፋል፣ መንግሥትም ለተወሰነ ዘመን ይጠብቅለታል። የደበቀ ሰው አይጠበቅለትም።

ሙ.ጋ. ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ተረጎመልኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«መሪጌታ፣ እኔ የጻፍሁት እርስዎ የነገሩኝን ነው። ምን ጎደለ?»

ሙቀቱ ይሆናል አልሁ።

«እዚያ አገር በረዶ ነው፣ መሪጌታ።»

ዋሸሁ፤ ያውም የማይሆን ውሸት።


ቅዳሜ፣ ግንቦት ፮

ለአንተ አልዋሽም። አንድ ደረጃ አስቀርቻለሁ።

መምህሬ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በብራናቸው የሰፈረው መድኃኒት ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ወይ ቅጠሉ፣ ወይ መጠኑ። ብራናው ቢሰረቅ ሌባው እንዳይጠቀምበት። የጎደለው በቃል ይነገራል፤ ላገለገለ ብቻ። እኔም ለሙ.ጋ. ሳስጽፍ አፌ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ዘለለው። ሳላስበው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አስቤው ነው።

ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ይከብዳል። ደረጃው የእኔ አይደለም። የወ/ሮ ሐዋ ነው።

ሐዋ በመጋላ ገበያ ሙጫ ትሸጣለች፤ ሶማሌ ናት። ለጽሕፈት ቀለሜ የሚሆነውን ሙጫ ዘወትር ከእርሷ እገዛለሁ። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ሙጫ ልታደርስ እቤቴ መጣች። እኔ የፈጨሁት ሰም በጣሳው ውስጥ ተመልሶ ተጋግሮ ራሴን ይዣለሁ። አይታ ሳቀች።

«አዴር፣ ይሄን ድንጋይ ለማን ሊያጎርሱት ነው?»

አዴር ማለት በቋንቋቸው አጎት ነው። ሰሙን እንደ ገና አቀለጠችው። እየቀዘቀዘ እንደ ቅንጬ ሲፈረካከስ ጠበቀች፤ ለብ ሲል የሙጫ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ በመዳፏ አሸችው። እያንዳንዷ ቅንጣት ሙጫ ለበሰች። ከዚያ ወዲያ አልተጋገረም። ሰሙ ሲሞቅ ሙጫውን ይውጠዋል፤ ሲቀዘቅዝ አይቀበለውም፤ ለብ ሲል ብቻ። ሙጫዋ በሙቀት ወራት በጆንያ ውስጥ እንዳይጣበቅ የራሱን ዱቄት ነስንሳ እንዲህ ታሸዋለች።

እኔም ዱቄቱን ለሙ.ጋ. ወስጄ «ሥራዬ ነው» አልሁ። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ የራሱ አድርጎ የሚቀኝ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሌላውን ስገሥጽ ኖሬአለሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት ፰

ልነግራት መጋላ ወረድሁ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጫማዬ ገባ። ሐዋ ከጆንያዎቿ መካከል ተቀምጣለች፤ ከአንድ ኦሮሞ ግመለኛ ጋር በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች። ሻይ አስመጣችልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፤ ስለ ጉልበቴም።

አልነገርኋትም። የማያስፈልገኝን ሙጫ ገዝቼ ተነሣሁ።

«አቦ አዴር፣ በዚህ ሁሉ ሙጫ የድሬን ሰው ስም በሙሉ ሊጽፉ ነው?»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መንገዱን ሁሉ ፊቴ እንደ ጋለ ቤቴ ደረስሁ። ያጋለው ፀሐዩ አልነበረም።


ረቡዕ፣ ግንቦት ፲፤ ከቀኑ ፱ ሰዓት

የዓደኑ ነጋዴ ለሙ.ጋ. ጽፏል። እንዳይጋገር ምን ታደርጉበታላችሁ ይላል። እርሱም አላገኘውም ማለት ነው። ደስ አለኝ። በደስታዬም ተጸጸትሁ።

ሙ.ጋ. ሐሳብ አመጣ፦ የመብቱን ነገር እንተው፤ ምስጢር አድርገን እየሠራን እንሽጥ። ለአንድ አፍታ ደረቴ ቀለለ። ለማንም አልናገርም፤ ለሐዋም አልናዘዝም። ከዚያ ራሱ አፈረሰው።

«ግን እርስዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰባ አልፈዋል። አንድ ቀን ቢያንቀላፉ ዱቄቱም አብሮ ያንቀላፋል።»

ቀልዱ ነው። እኔ ግን ተቀመጥሁ። መምህሬን ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። የዐይን መድኃኒታቸው የታወቀ ነበር። የጎደለውን በፋሲካ እነግርሃለሁ አሉኝ፤ በሆሳዕና ዐረፉ። ብራናው እነሆ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ዐይናቸው የሚፈስ ሰዎች የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ነህ ብለው ዛሬም በሬ ላይ ይቆማሉ፤ ባዶ እጃቸውን እሸኛቸዋለሁ። መምህሬ ሌባ ከለከሉ፤ የተከለከለው ግን በሽተኛው ነው። ይህን አርባ ዓመት አውቄው፣ እኔው ደግሜ ሠራሁት።

ነገ እጾማለሁ፤ ወራቱ ጾም ባይኖረውም። ዓርብ እነግራታለሁ።


ዓርብ፣ ግንቦት ፲፪፤ ቅ. ሚካኤል

ነገርኋት።

ሁሉንም፤ መደበቄንም፣ የእኔ ነው ማለቴንም። ሚዛኗን አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም፤ ያ ባሰኝ።

«ስንት ቀን እዚህ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ አዴር። አንድ ቀን እንኳ አላሉኝም።»

ከዚያ ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። አስረዳሁ፦ አሠራሩን ሁሉም ያነበዋል፣ ሠርቶ መሸጥ ግን ለተወሰነ ዘመን ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ አይቻልም።

«በር ከፍቶ አትግቡ ማለት ነዋ።»

እንደዚያው ነው አልሁ። ፈረንጅ ሲባል እንዲህ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሙጫ ማሸቱን ከእናቷ ነው ያገኘችው፤ እናቷ ግን ሰም በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ለሰሙ ያዋለችው ራሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ስሟ ይግባ፣ የአባቷም ስም አብሮ። ከዚያ ወደ ገበያተኛዋ ዞረች። ሻይ አላዘዘችልኝም።


እሑድ፣ ግንቦት ፲፬

በሰንበት ስለ ሥራ መነጋገር አልወድም። ከቅዳሴ በኋላ ግን ሙ.ጋ. ዘንድ ሄድሁ፤ ወኪሉ ለመልስ የሰጠን ቀን እየቀረበ ነው።

የሐዋን ነገር ስነግረው ተቆጣ። ማመልከቻው በሁለታችን ስም ገብቷል፤ ሦስተኛ ስም መጨመር ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ መዘግየት ነው። ደረጃውን ይንገሩኝና ስሙ ይቅር፣ ሴትዮዋን በሌላ መንገድ እንክሳታለን አለ።

ያለ ስሟ አልናገርም አልሁ።

«ባለፈው ለራስዎ ደበቁ፤ አሁን ደግሞ ለእርሷ ይደብቃሉ?»

አዎን አልሁት። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ሥራው ቢቀርም ይቅር። የሰው ድካም በስሜ አልልክም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፮፤ ኪዳነ ምሕረት

ሙ.ጋ. ራሱ መጣ። ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ በላብ ርሶ። ሦስተኛውን ስም የሚጨምረውን ወረቀት አዘጋጅቷል። ለምን እንደ ተመለሰ አልጠየቅሁትም። አያቱ ምንጣፍ ሠሪ እንደ ነበሩ፣ ሥራቸውን ሌላ ሰው የራሱን ስም እየሸመነበት ይሸጠው እንደ ነበር ብቻ ነገረኝ።

ከቀትር በኋላ ሦስታችን በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ተሰበሰብን። ሐዋ ለእኔ ሰላምታ ሰጠች፤ አጭር ነው፣ ግን ሰጠች። ሙ.ጋ. ሰሙ ምን ያህል ለብ ማለት እንዳለበት ጠየቃት።

«እንደ ሕፃን መታጠቢያ ውሃ።»

እንዲህ ተብሎ ወደ ፈረንጅ አገር አይጻፍም አላት። የሙቀት መለኪያውን ነከረ። እርሷ «አሁን» ስትል አነበበ፣ ጻፈ። ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ ሦስቱም ጊዜ ቁጥሩ አንድ ሆነ። ሙ.ጋ. መለኪያውን ተመለከተ፣ እጇን ተመለከተ።

«ሙሴ፣ ያንተ ብርጭቆ ከወደቀ ይሰበራል» አለችው።

ሳቀ። ክኒን ጨመቅን። ሁሉም ደህና።


ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፰፤ በዓለ ዕርገት

የፖስታው ባቡር ነገ ይነሣል። ከቅዳሴ መልስ አሠራሩን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ዋልሁ፤ ሙ.ጋ. ማታውን ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሰዋል። አምስቱም ደረጃዎች፣ ሦስተኛውም ሳይቀር። ከፈጣሪዎቹ የወ/ሮ ሐዋ ስም አንደኛ፤ የእኔ ከእርሷ በታች።

፲ ሰዓት ላይ ልትፈርም መጣች። የምትፈርመው በዐረብኛ ፊደል ነው። መጀመሪያ ያንብቡልኝ አለች። አነበብሁ። ሦስተኛው ላይ፣ ሰሙ ለብ ሲል ጥቂት ሙጫ ይነስነስበት በሚለው፣ እጇን አነሣች።

«ጥቂት ማለት ስንት ነው፣ አዴር?»

አንቺ ታውቂዋለሽ አልሁ።

«እኔ አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ። ወረቀቱ ግን አያውቅም።»

መዝገቤ ሆይ፣ የአሁኑን እንኳ አስቤ አላደረግሁትም። እጄ ራሱ ደበቀው። ሐዋ አልተቆጣችም፤ በርጩማውን ስባ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች፣ እጠብቃለሁ አለች።

ቀደድሁት። እንደ ገና እጽፋለሁ፤ እርሷ እያየች። ለስምንት እጅ ሰም አንድ እጅ ሙጫ፣ በወንፊት የተነፋ። የሙቀቱ ቁጥር። በመዳፍ የሚታሸበት ጊዜ፦ አንድ ኪዳን ተደግሞ እስኪያልቅ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝሁት፤ ሩብ ሰዓት። ወንፊቱ ስንት ቀዳዳ እንዳለው አሁን ቆጥራ ትነግረኛለች፤ እርሱም ይገባል። ከዚያ ትፈርማለች።