እናቴ በስሜ የተሳለችው ስለት

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ወደቡ ላይ ዋሻ ስሸጥ ዋልኩ። "ምንም አያስፈራም፣ እንደ እናት ሆድ ነው" አልኳቸው ለአንድ ባልና ሚስት። ቲኬት ቆረጡ፣ በታንኳ ገቡ፣ እየሳቁ ተመለሱ። እኔ ራሴ ገብቼ አላውቅም። ከእናቴ ሆድ ወዲህ ጠባብ ነገር ውስጥ አልገባሁም። ከዚያም ቢሆን በሰባተኛው ወር ነው አምልጬ የወጣሁት።

የቲኬት ቤቴን በር ከነቀልኩት ቆየሁ። ለአለቃዬ "ለንፋስ ነው" ብዬዋለሁ። ቀዛፊዎቹ ግን ያውቃሉ። በተለይ ትልቃቸው፣ ባንግ ሌህ። "ፑ" ይለኛል፣ "ሸርጣን ብላ ስም ያወጣችልህ እናትህ ጉድጓድ እንደምትፈራ ብታውቅ ዶሮ ትልህ ነበር።"

የእማዬ ግራ እጅ ዛሬም ሳህን ጣለ። ከዚያ ራስ ምታቷ ጋር ሲደመር... አይ። ነገ ሐኪም ቤት።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ። እኔ "እማዬ ሊፍት አትወድም" ብዬ፣ እሷ "ልጄ ሊፍት አይችልም" ብላ። ሁለታችንም ለሌላው መሥዋዕት ሆነን፣ እያለከለክን ደረስን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የእማዬ ጭንቅላት በኤምአርአይ መታየት አለበት፣ በቶሎ አለች። ምን ጠርጥረሽ ነው? "ሳላይ ምንም አልልም።" ሐኪም ምንም አልልም ሲል ምን ማለቱ ነው?

ማሽኑን አሳየችን። ነጭ ቱቦ። ሰው እንደ ዳቦ ይገባበታል። እኔን አላበኝ። እማዬ ግን ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ ረጋ ብላ፣ አልገባም አለች። ለምን ሲሏት ወደ እኔ ጠቆመች።

"ይኼ ልጅ ያላስገባው ስለት አለበት። እሱ ሳይገባ እኔ እዚህ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም።"

የምን ስለት?

ረቡዕ፣ ጥር 7

ስለቱ ተብራራ። ሕፃን ሆኜ ትኩሳት ሊወስደኝ ነበር አሉ። እሷም አያት ለምንለው ለዋሻው መንፈስ ተሳለች፤ ልጄን ብታተርፍልኝ፣ ሲያድግ ራሱ መጥቶ ዋሻህ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላልና ቀይ ለስላሳ ያቀርብልሃል ብላ።

አያት ይኼን ሁሉ ዘመን እንቁላል ሲጠብቅ ኖሯል። የዋሻ መንፈስ ትዕግሥት።

ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም? "ታሳዝነኝ ነበር።" አሁንስ? "አሁንም ታሳዝነኛለህ።"

ባንግ ሌህ ያድርስልኝ አልኳት። ስለት በተወካይ አይሆንም አለች። መንፈስ ከማዘጋጃ ቤት ይብሳል፤ ባለጉዳዩ ራሱ፣ በአካል።

የማሽኑ ቀጠሮ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 9

አልገባም። ሌላ ዘዴ ይኖራል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ሌላ ዘዴ የለም። ልምምድ ጀመርኩ። ቁምሳጥን ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትንፋሽ ሳልስብ ወጣሁ፤ ከነመዝጊያው።

እማዬ የተሰበረውን በር አየች። ደስ ያላት መሰለኝ። ለምን ደስ ይላታል? "ተወው ልጄ፣ ሰው የማይችለውን አይችልም" ብላ ሩዝ ጨመረችልኝ። ከዓሣውም ትልቁን።

ማታ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። የተሳለችው ከዛፍ ወድቄ ነው አለች። ትኩሳት አልነበር እንዴ? ምናልባት ወድቄ ተኮሰኝ።

እሁድ፣ ጥር 11

ዛሬ ምንም አልጣለችም። ግራ እግሯን ግን ስትጎትት አየሁ። ስታየኝ ቀጥ አደረገችው።

ሰኞ፣ ጥር 12

ለባንግ ሌህ ነገርኩት። እሱ ሙስሊም ነው፤ አያትን አያመልክም። "አላውቀውም፣ ግን ጎረቤት ነው፣ ደጁን አልፌ እየገባሁ እየወጣሁ ተከባብረን እንኖራለን" አለ። ረቡዕ ጠዋት፣ ባሕሩ ሳይሞላ እንሄዳለን ተባባልን።

አልሳቀብኝም። ባንግ ሌህ ያልሳቀበት ነገር... ከሁሉ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ሁሉም ይጻፍ።

እስከ ደሴቱ በሞተር ጀልባ። ከዚያ በጎማ ታንኳ፣ እኔ ከፊት፣ ባንግ ሌህ ከኋላ ከመቅዘፊያው ጋር። እንቁላሉን ጭኔ ላይ አቅፌ። ዘግይተናል፤ ሞተሩ መንገድ ላይ አንገላቶን ነበር። ባሕሩ መሙላት ጀምሯል። የዋሻው አፍ ዝቅ ብሏል... በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይገባበት የነበረው አፍ። ያን ፎቶ እኔ ነኝ የቲኬት ቤቴ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት።

"ተኛ" አለኝ። ተኛሁ። ብርሃኑ ከእግሬ ጀምሮ ጠፋ። የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ። ጣሪያው ላይ እንደ ምላጭ የተሳሉ ዛጎሎች፣ የባንግ ሌህ ባትሪ ሲያበራባቸው ከአፍንጫዬ በላይ፣ አንድ ስንዝር። ከዚያ ግማሽ ስንዝር። ታንኳው ቆመ።

ለምን ቆምን? "ባንግ፣ ለምን ቆምን?"

"ጠብቦናል። አየር ላስተነፍስለት ነው።"

ለማን? ለእኔ መሰለኝ። ዝቅ እንዲል ለታንኳው ነበር። ሽሽሽ... ከሥሬ ያለው ጎማ ሲሟሽሽ ተሰማኝ። ሊያድነኝ የተነፋውን ነገር ያስተነፍሳል። ውሃው ጆሮዬን ነካ። ደረቴ አልነሳ አለ። መልሰኝ አልኩት። መጮኼ አይቀርም፤ ዋሻው ደጋግሞ መልሰኝ፣ መልሰኝ አለብኝ፣ የሚያፌዝብኝ ይመስል።

"እመልስሃለሁ" አለ ባንግ ሌህ። "መመለሻውም ግን ይኼው ነው፣ ያው ጠባብ። ወደፊቱ ያጥራል። የቱን ልቅዘፍ?"

እማዬ እግሯን ቀጥ ስታደርግ ታየችኝ።

"ቅዘፍ" አልኩ። አይኔን ጨፈንኩ። ግንባሬን አንድ ዛጎል ላጠኝ። ባንግ ሌህ መዝፈን ጀመረ፤ ድምፁ የሚያስጠላ፣ እንደዚያ የሚያስጠላ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በድምፁ መናደድ ስጀምር መተንፈስ መቻሌ ገባኝ። ለመናደድ አየር ያስፈልጋል ለካ።

ከዚያ በዓይኔ ቆብ ላይ ብርሃን። የደሴቱ ሆድ። ጣሪያ የለውም፤ ዙሪያውን ገደል፣ ከላይ ሰማይ። እንቁላሉን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ ለስላሳውን ከፈትኩ፣ እጄን ገጥሜ ሰገድኩ። አንድ ጦጣ ወርዶ የመጀመሪያውን እንቁላል ወሰደ። አያት ይሁን ወኪሉ፣ አልጠየቅኩም። ይባስ ሳይሞላብን ቶሎ ወጣን። በመመለሻው ዓይኔን ገለጥኩ። አንዴ።

ከሰዓት

እማዬ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ገባሁ አልኳት። "የት?" ዋሻው። ግንባሬን አየች። ፊቷ አመድ ሆነ።

"እንቁላሉንስ?"

"ጦጣ በላው።"

"አያት አይደለም?"

"እማዬ፣ ስለቱን ከፈልኩ። ነገ ትገቢያለሽ።"

ግራ እጇን በቀኝ እጇ ያዘች። ከዚያ እንደ ሕፃን፣ መሬት መሬት እያየች፦

"ስለት የለም። እኔ ጠባብ አልችልም። ያንን ቱቦ ሳየው... አንተ መቼም አትገባም ብዬ ነው። በአንተ ፈሪነት ተማምኜ ነበር።"

ልናደድ ፈለግኩ። አየር ነበረኝ። ግን ሊፍቱ ትዝ አለኝ። አራት ፎቅ ሙሉ እርስ በርስ ስንዋሽ። ይኼን ፍርሃት ከማን እንደወረስኩት ስመራመር ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ አውራሿ አጠገቤ ሩዝ ስትጨምርልኝ።

"ታዲያ ትገቢያለሽ?"

"አንተ ከገባህማ ምን ይዤ እምቢ እላለሁ?"

ሐሙስ፣ ጥር 15

ገባች። ብረት ነገር ሁሉ አስወልቀውኝ እግሯን እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ማሽኑ እንደ መጋዝ ይጮኻል። እግሯ ሲንቀጠቀጥ መዝፈን ጀመርኩ። የባንግ ሌህን ዘፈን፣ በባንግ ሌህ ድምፅ። እግሯ ተቆጣ፤ የእግር ጣቶቿ ቆነጠጡኝ። መተንፈስ ጀመረች ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የእማዬ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው እብጠት በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሳምንታት አለፉ። ክፉ አይደለም፣ ቢዘገይ ግን እጇ አይመለስም ነበር አለች ሐኪሟ። ዛሬ እማዬ በግራ እጇ ሳህን አጥባ፣ ሳትጥል፣ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ከዚያ እንደ ዋዛ፦

"ማሽኑ ውስጥ ሆኜ ተስያለሁ።"

ምን ብለሽ?

"በሕይወት ብወጣ ልጄ ዋሻው ድረስ መጥቶ እንቁላል ያቀርብልሃል ብዬ። የአሁኑ እውነተኛ ነው።"

ለምን ራስሽ አትገቢም ብላት፣ "እኔ የእኔን ገባሁ" አለች።

ወደቡ ላይ ዛሬ አንዲት ሴትዮ ያስፈራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ በጣም፣ አልኳት። ቲኬት ቆረጠች።

ድስቱ ፈላ። እንቁላል እየቀቀልኩ ነው።