«ጥንቁቅ»፣ ለምሳሌ?

ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
የካ አባዶ፣ የታክሲ ሰልፍ። ከፊቴ ሃያ ሰው፣ የማውቀው አንድም የለም። ስለዚህ ደብተሬ፣ አንተን ላዋራ። ቅዳሜ የሙከራ ጊዜዬ ያልቃል። የትርጉም ቢሯችን ባለቤት ጋሽ ከድር (ከእንግዲህ ጋሽ ከ.) ሲቪዬን ያዩ ቀን «ጥንቁቅ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ለምሳሌ?» አሉኝ። ቃሉን ከጓደኛዬ ሲቪ ነው የገለበጥኩት። ሦስት ወር አለሽ፣ ምሳሌውን ይዘሽ ትመጫለሽ አሉኝ። እስካሁን የለኝም።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ወ/ሮ መስቀሌ መጡ። ልጃቸው ውጭ አገር ልትወልድ ነው፣ ሊያርሷት ይሄዳሉ። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ፣ ማኅተም፣ አለቀ። ምሳ ዕቃዬን አዩና፣ «ብቻሽን? እንዴት ይወርድልሻል?» ብለው እስክጨርስ ቁጭ አሉልኝ። ስማቸው የወጣው በመስቀል ሰሞን ስለተወለዱ ነው። ሳቅን። የሳምንቱ ረጅም ወሬዬ።
እማ ከቡታጅራ ደወለች። ጓደኛ አፈራሽ ወይ? ብዙ፣ አልኳት።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት
ጥቅምት የተወለደ ሰው ወረቀት መጣ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ልመልስ ስምንት ልደምር ስል ቆምኩ። ለጥቅምት ሰባት ነው! ስምንቱ ከጥር ወዲህ ነው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ የዕለቱን ቀን ስጽፍ ስምንት፣ ስምንት፤ እጄ ለመደ።
ከዚያ ትዝ አለኝ። መስቀል። መስከረም።
የወ/ሮ መስቀሌን ኮፒ አወጣሁ። 1950 ይላል፤ 1958 ብዬዋለሁ። አብሮ የተያያዘው የፓስፖርታቸው ኮፒ 1957 ይላል። የኤምባሲ ቀጠሯቸው ነገ ነው። ስማቸው እንኳ እየነገረኝ።
ጋሽ ከ. የሉም። ማኅተሙ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማንም አያውቅም።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት
ለወ/ሮ መስቀሌ ደወልኩላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ከሾላ ገበያ በርበሬያቸውን እንደተሸከሙ መጡ። አስተካክዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለቴ አነበብኩላቸው። «እኔ ዓይኔ አያይ፣ ማኅተሙን ነው ያመንኩት» አሉ። ወጡ። ምሳ በላሽ ወይ አላሉኝም።

ዓርብ፣ 11 ሰዓት
የሦስት ወር ኮፒ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለደውን ለየሁ፣ አንድ በአንድ። ከወ/ሮ መስቀሌ ሌላ አሥራ አንድ ሰው። አሥሩ ልክ። የአንድ አዛውንት ግን ስምንት ተደምሮበታል። ስልካቸው አይሠራም። ቤታቸውን የሚያውቁት ጋሽ ከ. ናቸው፣ ጎረቤታቸው ናቸው። ዝም ካልኩ ሥራው የኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ
ቀድሜ ገባሁ። ሁለቱን የተበላሹ ኮፒዎች ጋሽ ከ. ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ፣ ሲቪዬን ከላይ። «ጥንቁቅ» የምትለዋን በእስክሪብቶ ሰርዣለሁ። ከተባረርኩም አዛውንቱ ቤት ድረስ ወስደው እንዲያሳዩኝ እለምናቸዋለሁ። ደረጃው ላይ የጋሽ ከ. ሳል ይሰማል፣ ደብተሬ፣ ልዝጋህ