ባለ አሥራ ስድስት ገጽ ፊት

ሰኞ

ሃርሜ ዛሬም እምቢ አለች። ሃርሜ የምንላት እናቴ ከያዘች አትለቅም። እህቴ ኪራሙ ከተማ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ መንገዱ እስኪሻል ሕፃኗን ማምጣት አይታሰብም። በቤታችን ደግሞ ስም የምታወጣው ሃርሜ ናት። «ፊቷን ሳላይ ምን ብዬ ልጥራት?» ትላለች። ዐይኗ ደክሟል፤ ሐኪሙ ያለውም እየቀነሰ ይሄዳል ብሎናል። የስልኩን ፎቶ ባሳያት ብርሃን ብቻ ታያት። የሚታያት ትልቅ ነገር ነው፦ በር፣ ላም፣ የጎረቤት ጣሪያ።

ማክሰኞ

ፎቶውን በትልቁ ላሳትምላት ብል የባነር ቤቱ ማሽን ተበላሽቷል። የእኔ ሱቅ ማተሚያ ከደብተር ገጽ ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው የምታትመው። ግቢያችን የተከራየው የጎጃሙ መምህር ይሁኔ «ጋሼ፣ እሷው ትበቃለች» አለኝ። የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብር ሶፍትዌር አለው፤ በነጻ የሚገኝ። ነጻ ዕቃ አላምንም፤ ቢበላሽ ለማን ይመለሳል? እሱ ግን ጥቂት የትእዛዝ መስመር ጻፈና ፎቶው በትልቁ ተከፋፍሎ አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ገጽ ግራጫ ብቻ። ግንባር ነው አለኝ።

ረቡዕ

አበላሸሁ። የሱቅ ልማድ ነው፤ የሁሉንም ገጽ አራቱንም ጎን አስተካክዬ ከረከምኩ። ለካስ አንዱ ጠርዝ የሚደረበው ሌላው ላይ ነው፤ ምስሉም እዚያ ይደገማል። ስንገጥመው ፊቷ ተጨማደደ። «ጋሼ፣ ስም ሳይወጣላት አፍንጫዋን ቆረጡባት!» ብሎ ይሁኔ ሳቀብኝ። እንደገና እናትማለን። ቀለሙ ይበቃ ይሆን?

ሐሙስ

ቀለሙ በቃ። የሱቁ ወለል ላይ ደረደርናቸው። ከቅርብ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ይሁኔ ወንበር ላይ ውጡ አለኝ። ወጣሁ።

ሰው ሆነች። ሽፋሽፍቷ እስክርቢቶ ያክላል። ከንፈሯ ብቻውን አንድ ገጽ ሞልቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ወረቀት ስሸጥ ወረቀት መልሶ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው። መውረድ አቃተኝ። ደብተር ሊገዛ የገባ ሰው ሊረግጣት ሲል ጮህኩበት፤ ደንግጦ ወጣ። ይሂድ።

ዓርብ

ከይሁኔ ጋር ሃርሜ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍናት። ሃርሜን በሩ ላይ አቆምኳት። ይህ ካልሆነ ሌላ መላ አልነበረኝም። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ ትንሽ ቀረበች፤ መልሳ ራቀች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አገጯ ላይ ስርጉድ አለ።»

እውነትም አለ። ገጹን በእጄ ለጥፌው እኔ አላየሁትም።

«ስሟስ?» አልኳት። «ስም አይቸኮልበትም፤ ውጡልኝ» ብላ ሁለታችንንም አስወጣችን።

እህቴ ደወለች፤ ማን ተባለች ትላለች። ሃርሜ ገና እያየቻት ነው አልኳት።