ከዞሽካ በፊት የተተከለው ቲማቲም

ኤፕሪል 11
ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቴ ሬጊና ትራሷን ተደግፋ ስለ ሕመሟ አንድም ነገር አላነሳችም። ስለ ችግኞቹ ብቻ።
"ዜኖን፣ ውሃ ጠጡ?"
ጠጥተዋል።
"ከላይ ነው ያፈሰስክባቸው?"
አዎ...
"ቅጠል አይጠማውም እኮ። ሥሩን አጠጣ። ጠዋት ጠዋት።"
አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር የኔ ሥራ መቆፈርና መሸከም ነበር። ዘር የምታውቀው እሷ ናት። አሁን በኩሽናው መስኮት ላይ አሥራ ሁለት የእርጎ ኩባያ ተደርድሮ ያየኛል። ከእናቷ የወረሰችው ዘር ነው፤ የበሬ ልብ የሚባለው ትልቁ ቲማቲም። አምና ታማ ዘር አላወጣችም። ፖስታው ውስጥ የቀረው ይኸው ነበር።

ኤፕሪል 24
ቀን በረንዳ ላይ፣ ማታ ወደ ቤት። "ብርድ ይልመዱ" ብላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ስነዳ እንዲህ አልተመላለስኩም። አንዱ ችግኝ ቀጭን ሆኖ ረዘመ፣ ራሱን መሸከም አቃተው። ከመጋረጃው ኋላ ተውኩት።

ሜይ 4
ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቆመኝ። "ጁላይን ካየች ጥሩ ነው" አለ።
ጁላይን... ቲማቲሙ የሚቀላው ኦገስት ላይ። ትንሽ ባስቀድም ይደርስ ይሆን? አንዲት ፍሬ፣ ቅቤ በተቀባ ዳቦ ላይ፣ በጨው። ሌላ ምን ልሰጣት እችላለሁ?

ሜይ 6
ሙቀት። ሰው ሁሉ በሸሚዝ። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችን ቁራሽ መሬት አሥራ አንዱን ተከልኩ። የጎረቤቴ የኢዚዶር መደብ ገና ባዶ ነው። አጥሩን ተደግፎ አየኝ።
"ምነው ዜኖን፣ ዞሽካ ሳትመጣ?"
"ሙቀቱን አታይም?"
"እኔማ አያለሁ። ዞሽካ ናት የማታይልህ።"
ሜይ አሥራ አምስት የቅድስት ሶፊያ ቀን ነው፤ ቀዝቃዛዋ ዞሽካ እንላታለን። እሷ ሳታልፍ ቲማቲም ደጅ እንደማይወጣ በፖላንድ ምድር ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።
"ሰው ይስቅብሃል" አለኝ። ይሳቅ። ለምን እንደቸኮልኩ አልነገርኩትም።

ሜይ 13
ውርጭ። ስደርስ አሥራ አንዱም ጠቁረው እንደተቀቀለ ጎመን መሬት ላይ ተኝተዋል። ኢዚዶር አሮጌ አንሶላ ታቅፎ ቆሟል። ሊሸፍንልኝ መጥቶ ዘግይቶ ነው። አልቀለደብኝም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የምለቅመው እንኳ የለኝም። የእናቷን ዘር ጨረስኩት።

ሜይ 14
ዋሸኋት። "ደህና ናቸው" አልኳት።
"ትናንት ነርሷ የመኪናዋን መስታወት ስትፍቅ አረፈደች" አለች። "ውርጭ ነበር አሉ።"
ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
"ዜኖን። ተክለሃቸዋል።"
አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው፣ በሰው ፊት። ለምን እንደቸኮልኩ ነገርኳት፣ የሐኪሙንም ቃል ጭምር። "አውቃለሁ" አለች። ከዚያ ተቆጣች።
"ደግሞስ የመጀመሪያዋን ፍሬ መቼ በልቼ አውቃለሁ? ለዘር ናት እኮ። ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስታይ ነበር?"
እውነቷን ነው። ምን ሳይ ነበር?
"አንድም አልቀረም?"
ከመጋረጃው ኋላ ያለው ቀጭኑ ትዝ አለኝ።
"እሱን አጋድመህ እስከ አንገቱ ቅበረው፤ የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። ከቅጠሉ ብብት የሚበቅለውን ቡቃያ ቀጥፈህ ውሃ ውስጥ አቁመው። ሥር ሲያወጣ ትተክለዋለህ። ከአንዱ ብዙ ይሆናል። ግን..."
"ከዞሽካ በኋላ" አልኩ።
ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ሜይ 16
ተከልኩት። አጋድሜ።

ጁን 8
ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ቡቃያ፣ ነጭ ሥር እንደ ክር። ለማዳበሪያ ሳማ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ አበሰበስኩ፤ አንድ እጁን በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኖ ሥሩ ላይ ማፍሰስ ነው። ሽታው አይጣል። ኢዚዶር አፍንጫውን ይዞ "ምን ሞተብህ?" አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አይደል አልኩት።

ጁላይ 2
ምግብ አልወርድላት ብሏል። እጄን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቡቃያ ቀጥፌ ነበር የመጣሁት፤ ጣቶቼ በቅጠሉ ጠቁረዋል። ረጅም ጊዜ አሸተተችው።
"አልታጠብክም።"
"ታጥቤያለሁ። አልለቅ ብሎ ነው።"
"ጥሩ" አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ጁላይ 19
ሬጊና ጠዋት አረፈች። ፍሬዎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው።

ጁላይ 20
ውሃ አጠጣሁ። ሥሩን።

ኦገስት 21
የመጀመሪያዋ ቀላች፤ መዳፌን ትሞላለች። ኢዚዶር "አትቀምሳትም?" አለኝ። ለዘር ናት አልኩት። ሬጊና ሆስፒታል ሳለች እንዳለችኝ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ አደረግኩ። ሦስት ቀን ይቆያል፣ አረፋ ሲያወጣ ይታጠባል፣ ወረቀት ላይ ይደርቃል።

ኦገስት 30
ዘሩ ደረቀ። ሁለተኛዋን ፍሬ በቅቤና በጨው በዳቦ በላሁ። ጣፈጠችኝ፤ አፈርኩ፤ ቢሆንም ጨረስኳት።
ለኢዚዶር ከዘሩ አካፈልኩት። ዘር አንድ ሰው ጋ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ እኔን አይቶ ያልተማረ የለም። የኔን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። አሮጌው ፖስታ ላይ በሬጊና የእጅ ጽሑፍ "የእማማ የበሬ ልብ" ይላል። አዲሱ ላይ "የሬጊና የበሬ ልብ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም "ከዞሽካ በፊት አይተከልም"።
የሚያስቸኩለኝ እንኳ የለም አሁን።