እግር ላይ የቀረጽነውን ስም ለቁማር ቤት ስለ ማስረከብዎ

«ውድ ደንበኛችን፣ ባለቤትነትዎን ስላላረጋገጡ የዶሜይን ስምዎ አገልግሎት ተቋርጧል። ስሙን ለማስመለስ ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ። ይህ መልእክት ካልደረሰዎ በዚሁ አድራሻ ያሳውቁን።»

ለተከበሩ የዶሜይን ስም መዝጋቢ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ የእግርዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል። ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት ድርጅትዎ ለታላቅ እህቴ የላከውን መልእክት ነው። ለእርሷ አልደረሳትም። እኔ ያነበብኩት በራስዎ መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛዎ አዝናልኝ ስክሪኗን ወደ እኔ ባዞረችልኝ ጊዜ ነው። ለዚህች ሴት ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን እንደ አመጣጣቸው ይቀበሏቸው።

እህቴ ሰው ሠራሽ እግር ትሠራለች። እድሜዋን የጨረሰችው ጄሶ ስታቦካ፣ ፕላስቲክ ስታሞቅና የሰው እግር ስትለካ ነው። ከእጇ በሚወጣው እግር ሁሉ ውስጥ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ የወርክሾፗን ዶሜይን፣ ማለትም ድረ ገጿም ኢሜይሏም የሚሠራበትን የኢንተርኔት ስም፣ ትቀርጻለች። ስልክ ይቀየራል፣ የኪራይ ቤትም ይለቀቃል፣ ስም ግን ባለበት ይቆያል ብላ ነው። ብሎን የላላበት ወይም ቆዳው የተላጠ ሰው፣ የትም ከተማ ይሁን፣ እግሩን አውልቆ አድራሻውን ያነባል፤ ይጽፍላታል፤ ቀጠሮ ይይዛል። ይህን ያህል እምነት በአንድ መዝጋቢ ላይ መጣል ሞኝነት መሆኑን፣ እኔ ወንድሟ ልነግራት ያልቻልኩትን፣ ድርጅትዎ በተግባር ስላስተማረልኝ ባለ ውለታዎ ነኝ። አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ደንበኞች ባለቤትነታቸውን እንዲያረጋግጡ ደንብ አውጥታችኋል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ክፍያዋን አንድ ጊዜ እንኳ ያላዘገየችው እህቴም በደስታ ታረጋግጥ ነበር። ነገር ግን ድርጅትዎ መጀመሪያ ስሙን ዘጋ፤ ቀጥሎ የማረጋገጫውን መልእክት በዚያው በዘጋው ስም ወደሚሠራው ኢሜይል ላከ። ቤቱን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ የወረወረ ሰው እንኳ፣ ምን እንዳደረገ ሲገባው ግንባሩን ይይዛል። የእርስዎ ድርጅት ግን ቁልፉን ወርውሮ ሲያበቃ «ለምን አልከፈታችሁም» ብሎ ተቆጣ። ይህን አሠራር የፈጠረው ሰው እድገት ይገባዋል። ምናልባትም አግኝቷል። ምናልባትም ይህን ደብዳቤ በማንበብ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ጉዳዩን ለማስረዳት በአካል መጣሁ። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ምቹ ነው፤ «ስምዎን ለእኛ ይተዉት» የሚለውም ጽሑፍ በትልቁ ተሰቅሏል፤ አንብቤ ለመጨረስ በቂ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ሊንኩ መጫን ያለበት ከዚያው ኢሜይል እንደሆነ ተነገረኝ። ኢሜይሉ ተዘግቷል አልኩ። ሊንኩን ስጫነው እንደሚከፈት ተነገረኝ። የክፍሉ ኃላፊ ተጠርቶ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አባቴ፣ ልጅ ካለዎት ይዘው ይምጡ፤ እሱ ያስረዳዎታል» አለኝ። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ልጄ ዳንስ አስተማሪ ናት። ይዣት ብመጣ ኖሮ ቢያንስ በክብ መዞሩን ታሳምርላችሁ ነበር። ኃላፊው ሲሰለቸው የእርስዎን ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በትሕትና ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ አኖርኩት።

ሦስተኛ፦ እኔ በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ስጽፍ የተዘጋ ስም ለባለቤቱ የሚጠበቅበት ጊዜ አለቀና ድርጅትዎ ስሙን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ፤ ለቁማር ቤት። ከእህቴ የቆዩ ደንበኞች አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል የምትረግጠው በዚያ እግር ነው። ብሎኑ ሲላላባት የተቀረጸውን አድራሻ ጻፈች። የእህቴ ወርክሾፕ በነበረበት ቦታ ሳንቲም የሚያዘንብ ሥዕል መጣና «ዛሬውኑ ዕድልዎን ይሞክሩ» አላት። በላላው እግር ስትሰፋ ከርማ፣ አጠያይቃ ወርክሾፑን ስታገኘው፣ የተቆረጠው እግሯ ጫፍ ቆስሎ ነበር። ቁስሏን ለእህቴ እያሳየች «እትዬ፣ ምን አስይዤ ልቆምር? ይቺኑ እግሬን?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እህቴ ግን ቁስሉን አጥባ ከጨረሰች በኋላ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ልብስ ሰፊዋ አጠያይቃ አገኘችን። በሌላ ከተማ ያሉት ማንን ይጠይቃሉ? ከዚህም የከፋ አለ። ሰዎቹ የቁስላቸውን ፎቶግራፍ፣ ለሐኪምና ለእህቴ ካልሆነ ለማንም የማያሳዩትን ገላ፣ አሁንም ወደዚያው ኢሜይል ይልካሉ። የሚቀበለው ቁማር ቤቱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አስችሎ በሰላም ምሳውን የሚበላ መሥሪያ ቤት በማየቴ፣ ስለ ሰው ልጅ ሆድ ጥንካሬ ያለኝ እውቀት ሰፍቷል፤ አመሰግናለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስሙን ለእህቴ ይመልሱ። ይህን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙ እስከዚህ ወር የመጨረሻ ዓርብ፣ የሥራ ሰዓት ከማብቃቱ በፊት፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት እንዲደርሰኝ በአክብሮት አሳስባለሁ። በመዝገባችሁ ወዳለው ኢሜይል እንዳይልኩት አደራ፤ ቁማርተኛው ለእርስዎ መልስ ደንታ የለውም።

ለድርጅትዎ በሁለት እግሩ መቆምን፣ ለእርስዎም በቀጠሮዎ መገኘትን እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ቁመት በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የእግር ሠሪዋ ወንድም

ማስታወሻ፦ በእህቴ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ፖስተኛ የተሠራ እግር ተጠናቆ ተቀምጧል። አድራሻ የሚቀረጽበት ቦታ ባዶ ነው፤ ምን ልጻፍበት ብላ ጠይቃኛለች። እስከ ዓርብ መልስዎ ካልደረሰኝ፣ በካርድዎ ላይ ያለውን ቀጥታ ስልክ ቁጥርዎን እሰጣታለሁ፤ በዚህኛውም፣ ከዚህ በኋላ በምትሠራውም እግር ሁሉ ላይ ትቀርጸዋለች። ስለዚህ ብሎን ወደ የት በኩል እንደሚጠብቅ ካሁኑ ቢያጠኑ መልካም ነው፤ ፖስተኛው ብዙ ይራመዳል።