የማራቶኑ ቅጽ ስድስተኛው መስመር

ለተከበሩ አቶ ባዘዘው
የአማተር ስፖርተኞች ውድድር አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቐለ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን የማገኘው ወንበርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ስሜ ገዛኢ ነው። እዚሁ ከተማ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት፣ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ብዕሬ ቢሳሳት ይቅር ይበሉኝ። ባለቤቴ ለተገብርኤል ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ በብስክሌቴ የኋላ መቀመጫ ላይ አድርጌ ሐኪም ቤት አመላልሳት ነበር፤ እሷ ካረፈች በኋላ ብስክሌቱ ቀለለ፣ እግሬ ግን መንገዱን ስላልረሳ መንዳቱን አልተውኩም። ሦስት የትሪያትሎን ውድድር፣ ማለትም ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን፣ በመጨረሻም ማራቶን አዘጋጅታችኋል ሲባል ተመዘገብኩ።

ሌላው ስፖርተኛ በሰዓትና በኪሎ ሜትር ያቅዳል፤ እኔ ያቀድኩት በአጽዋማት ነው። ትሪያትሎኖቹ ጾም በሌለባቸው የትንሣኤ ሃምሳ ቀናት፣ ማራቶኑም ኅዳር ዐሥራ አራት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ስለነበሩ፣ ካህን ሳያማክሩ አልቀሩም ብዬ አመሰገንኩዎት። ቸኩዬ ነበር። አሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያውን ውድድር ወደ ሐዋርያት ጾም፣ ሁለተኛውን ወደ ፍልሰታ፣ ያውም ዓርብ ቀን በስድስት ሰዓት ስላዞሩልን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማልቀምስ ሰው ነኝ። የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ምላሴ ደርቆ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ ስለ ኃጢአቴ ብዙ አሰብኩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ለነፍሴ ይህን ያህል ይጨነቃል ብዬ አልጠበቅኩም። ሦስተኛው ተሰርዟል፤ የሚገባበት ጾም ጠፍቶ ይመስለኛል።

፪. ስለ መዋኛ ገንዳው። ውኃው ጉልበታችን ላይ ስለደረሰ ሁላችንም በእርጋታ ተራመድን፤ እርስዎም «በብቃት ዋኝቷል» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ሰጡን። መራመዴን እያወቅሁ ወረቀቱን ተቀብዬ ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። እኔ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ እርስዎም ለንስሐ አባትዎ ቢናገሩ መልካም ነው።

፫. ለማራቶኑ የወጣው አዲስ ቅጽ ስድስተኛ መስመር ላይ «አብሮ የሚኖር የቤተሰብ አባል፣ ስልክና ፊርማ» ይላል። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። የለም ብዬ ብጽፍ ቅጹ ተመለሰ። የለተገብርኤልን የሞት ምስክር ወረቀት አያይዤ ባስገባ፣ ከስድስት ወር በላይ ስለሆነው ታድሶ ይምጣ ተብሎ ተመለሰ። መዝጋቢዋ እህታችን ኣስካል በሐፍረት «ኣያ ገዛኢ፣ እኔ እኮ አውቅዎታለሁ፣ ቅጹ ነው የማያውቅዎት» ብላኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። የሞት ወረቀት እንዴት እንደሚታደስ ግን እሷም አልነገረችኝ። እኔም ሟቿ ሐሳቧን ቀይራ እንደሆነ ለማጣራት መቃብሯ ድረስ ሄጄ ነበር፤ እዚያው ናት።

ክቡር ሆይ፣ ለምን እንደምሮጥ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። ለሰው ለጤና ነው እላለሁ። እውነቱ ግን፣ ከሥራ መልስ በሩን ከፍቼ ማንንም ሰላም ሳልል የምገባባትን ሰዓት ለማራቅ ነው። አላለቅስም፤ አልናደድም። እጸልያለሁ፤ ጸሎቱም ከአፌ ይወጣል እንጂ አይሰማኝም። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ብሮጥ ቢያንስ እግሬ ይሰማኛል ብዬ ነበር። የምለምንዎ የደረት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌላ የያዝኩት ዕቅድ የለኝም።

በአራት የተመለሱ ቅጾች፣ በሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ባልዋኘሁበት የዋና ምስክር ወረቀት ፊት ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣

ገዛኢ
ከሓድነት

ሳልረሳው፦ ዛሬ ባስገባሁት አምስተኛ ቅጽ ስድስተኛ መስመር ላይ የእርስዎን ስምና ስልክ ሞልቻለሁ። አብረን እንደማንኖር ዐውቃለሁ፤ ዘንድሮ ግን ከእርስዎ ደጅ በላይ የተቀመጥኩበት ቤት የለም። የቀረው ፊርማዎ ነው። በማራቶኑ ዕለት፣ እሑድ፣ ስልክዎን እንዳያጠፉት አደራ፤ ስሮጥ ሮማናት አደባባይ ላይ ብወድቅ የሚደወለው ለእርስዎ ነው።