ለቅሶ ቤት የሰጠሁት ካርድ

ግንቦት 4

ዛሬም ማንም አልደወለም። የሰፋሁትን መጋረጃ በሬ ላይ ሰቅያለሁ፣ አላፊ አግዳሚው አይቶ ይጠይቀኛል ብዬ። እስካሁን የነካው ነፋሱ ብቻ ነው።

ከልብስ ፋብሪካው ኮንትራቴ ሳይታደስ ከወጣሁ ወዲህ አፌን የምከፍተው "ዳቦ ስጠኝ" እና "ወራጅ አለ" ለማለት ሆኗል። ስድስት ዓመት እጅጌ ብቻ ስሰፋ... ከዚያ ሁሉ ሰው ደህና አድርጌ የማውቀው ከፊቴ የምትቀመጠውን ልጅ ማጅራት ነው። ስሟስ ማን ነበር?

ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በሬን አልፎ ሄደ። ሁሌም ያልፋል። እኔ ተከራይ ነኛ፣ ምን አገባኝ?

ወንድሜ ከአሰላ ደውሎ "በሰኔ መጨረሻ ጠቅልለሽ ነይ" አለኝ። የሚስቱን ፊት እያየሁ መኖር... አልፈልግም። እስከዚያ ደንበኛ ማግኘት አለብኝ።

ግንቦት 9

ለሥራ ፈላጊና ለአነስተኛ ነጋዴ ሥልጠና አለ ተብሎ ሄድኩ። አሠልጣኙ ወጣት ነው። በዚህ ሙቀት ክራባት! "ኔትወርክ ፍጠሩ" ይላል። "ሰው ከተሰበሰበበት አዲስ ሰው ሳትተዋወቁ እንዳትወጡ። ካርድ ከእጃችሁ አይጥፋ።"

ለሻይ ስንወጣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። ምን እንዳየሁ እንጃ።

ካርድ ግን አሳተምኩ። "ወይንሸት መጋረጃ" ይላል። ያምራል። ሰው ከተሰበሰበበት አለ... እኔን ማን ይጠራኛል?

ግንቦት 15

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ከኛ ግቢ አለፍ ብሎ የሚኖሩት ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ አቶ ኒቆዲሞስ፣ ትናንት ተቀበሩ። ዛሬ ለቅሶ ሄድኩ። ለማን እዋሻለሁ? ለማስተዛዘን ብቻ አልነበረም። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ንፍሮ ሲያዞሩ የነበሩት የሰፈሩ እናት፣ ወይዘሮ ዝናሽ የሚሏቸው፣ አጠገቤ አረፍ ሲሉ ካርዱን አወጣሁ። "መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ምናልባት ከፈለጉ..."

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቀስ ብለው። "ልጄ፣ አፈሩ እኮ ገና አልደረቀም" አሉኝ። ካርዱን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥልኝ ፋርሒያ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ሌላ ማን አለኝ? መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

"አቦ ወይንሸት! ለቅሶ ቤት? ሰው ካርድሽን ምን ያደርገዋል? እኔ ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ ስለ ልጆቿ ነው የምጠይቃት። ጨርቁ ይደርሳል። አንቺ ነገ ወደ ለቅሶው ተመለሺ።"

"በምን ዓይኔ?"

"ባለሽ ዓይን! ሂጂና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ወላሂ፣ ምንም እንዳትሸጪ። አብሽሪ።"

ግንቦት 16

ሣልስታቸው ነው። ካርዶቼን ቤት ትቼ ሄድኩ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላናገረኝም።

የድንኳኑ ሸራ ስፌቱ ተተርትሯል። ፀሐይ በዚያ ገብታ የሟች ልጅ ፊት ላይ አረፈች። ልጅቷ ትሸሻለች፣ ፀሐይዋ ትከተላታለች። አላስችለኝ አለ። ቤት ሮጬ የጆንያ መርፌና ክር አመጣሁና አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ ሰፋሁት። ወንበሩን ማን እንደያዘልኝ ያየሁት ስወርድ ነው። ወይዘሮ ዝናሽ!

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

ምን ልበል? "እዚህ ሰው የለኝም።"

የዕድሩ ዳኛ አቶ ሣህሉ ሰሙና "ዕድርስ?" አሉ።

"የለኝም።"

"ታዲያ ብትሞቺ ማን ሊያነሳሽ ነው?"

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ለአቶ ኒቆዲሞስ አይደለም።

ግንቦት 24

ማንም አልደወለም።

ግንቦት 27

አቶ ሣህሉ የዕድሩን ድንኳኖች በባጃጅ አስጭነው ላኩልኝ። ያልተቀደደ የለም። ስሜን ሳይጠሩ "ዕድርተኛ አድርገንሻል" ብለውም ልከዋል። ክፍሌ በሸራ ሞልቶ መቆሚያ ጠፋ። እላዩ ላይ ተኛሁ። ሽታው የሰው ነው... የብዙ ሰው።

ሰኔ 3

ድንኳኖቹን ሰፍቼ በመለስኩ ማግስት ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው!

"ካርድሽ መቀነቴ ውስጥ ቀርቶ... የሳሎኔን መጋረጃ ትሠሪልኛለሽ። አርባው ይውጣና ነው ታዲያ። አሁን ነውር ነው።"

"አውቃለሁ እማማ" አልኩ። አሁንማ አወቅሁ።

ወንድሜም ደወለ።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"አልመጣም። አርባ አለብኝ።"

"የማን?"

"የጎረቤቴ።"

አሁንም "የማን?" አለ። ጎረቤት እንዳለኝ አያውቅማ።

ሰኔ 11

በማለዳ ጥሩምባ። እንደ ልማዴ ተኝቼ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አላለፈም። ነፊው በሬን አንኳኳ።

"ወይንሸት! ወይንሸት! የእነ ፍቅረ ማርያም እናት አርፈዋል። ድንኳን ሊተከል ነው፣ መርፌሽን ይዘሽ ድረሺ!"

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሴትዮዋን አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም። መንገዱን ሙሉ ፊቴን ለማክበድ ስታገል ነበር። ሰው ሞቶ ደስ አለኝ... እግዜር ይቅር ይበለኝ። በስሜ ነው የጠራኝ።